ሁለት ወንበር ለሦስት ሰው፤ የስፖርት መኪና ገበያና የሕፃን ወንበር ሒሳብ

ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ሻጭና ገዢ አዘውትረው የሚከራከሩት በሞተሩ ጉልበት፣ በተጓዘው ኪሎ ሜትርና በቀለሙ ላይ ነው። ገዢው በቅርቡ ልጅ የሚወለድለት ሰው ከሆነ ግን ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠቀለላል፤ ሕፃኑ የት ይቀመጣል? የኋላ ወንበር በሌለው መኪና ውስጥ ያለው ምርጫ ከሾፌሩ ጎን ያለው የጋቢና ወንበር ብቻ ነው። ከዚያ ወንበር ፊት ለፊት ደግሞ ኤርባግ አለ። ትልቅ ሰውን ለማዳን የተሠራው ይኸው ኤርባግ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የተቀመጠን ሕፃን ሊገድል ይችላል።

በዚህም ምክንያት ያገለገሉ ትንንሽ የስፖርት መኪኖች በሚሸጡበት ገበያ ለወላጅ የሚስማማውን መኪና ከማይስማማው የሚለየው የሞተሩ መጠን ወይም የጎማው ስፋት አይደለም። የሚለየው መኪናው የተሠራበት ዓመትና በክሩስኮቱ ላይ የምትገኝ አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ ናት። ነገሩን ያላጣራ ገዢ ሲገዛ ገንዘቡን፣ ሲያሽከረክር ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጠውን ነገር ለአደጋ ያጋልጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርባጉ ለምን ጠላት ይሆናል?

አራስ ሕፃን በመኪና ሲጓዝ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ የሚደረግበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ሲታይ ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ደካማ ነው። መኪናው ከፊት ለፊት ሲጋጭ የወንበሩ ጀርባ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድነት ስለሚደግፍ የግጭቱ ኃይል በአንድ ቦታ ላይ አያርፍም።

ይህ ወንበር በጋቢና ሲቀመጥ ግን የወንበሩ ጀርባ ወደ ክሩስኮቱ ተጠግቶ ከኤርባጉ መክደኛ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። ኤርባግ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነፋ ፊኛ አይደለም። ከሰከንድ አንድ ሃያኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወጣል። የሚያርፈውም በቀጥታ ከሕፃኑ ጭንቅላት በስተጀርባ ባለው የወንበር ጀርባ ላይ ነው። ግጭቱ ቀላል ቢሆንም የኤርባጉ ምት ቀላል አይሆንም።

በአሜሪካ የሚገኘው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም እንደሚገልጸው፣ ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት በደረሱ ግጭቶች የፊት ኤርባጎች ራሳቸው ለሞት የዳረጓቸው ሰዎች ቁጥር ከ290 በላይ ነው። ከእነዚህም 90 በመቶ ያህሉ የሞቱት ከ1998 በፊት በተሠሩ መኪኖች ውስጥ ነው። ይህ የዓመት ልዩነት ለመኪና ነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። ከ1998 ወዲህ ኤርባጎቹ ለስለስ እንዲሉ፣ በኋላም የተቀመጠውን ሰው እየለዩ እንዲሠሩ ተደርገዋል።

"ታዲያ እናትየው ሕፃኑን ታቅፋ ብትቀመጥስ?" የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሕፃን ይዞ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጉልበት 70 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ ተሸክሞ ከመያዝ ጋር ይመጣጠናል። ያንንም በድንገት፣ ባልታሰበ ሰዓት። የእናት እጅ የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህን አይችልም።

በተገቢው ወንበር ላይ በትክክል መታሰር የሚያስገኘው ጥቅም ግን በቁጥር የታወቀ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በግምቱ እንዳስቀመጠው፣ የሕፃናት መኪና ወንበር በቤት መኪኖች ውስጥ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሞት አደጋ በ71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆኑትን ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል።

አንድ ስም፣ አራት ዓይነት መኪና

የዓመተ ምሕረቱን ነገር በምሳሌ ለመረዳት ከማዝዳ ኤም ኤክስ-5 የተሻለ መኪና አይገኝም። በአሜሪካ "ሚያታ" ተብሎ የሚታወቀው ይህ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ጣሪያው የሚከፈት መኪና በ1989 ለገበያ ቀርቦ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተመርቷል። ባለ ሁለት ወንበር ክፍት የስፖርት መኪኖች በሚባሉት ዘርፍ በሽያጭ ብዛት የሚስተካከለው የለም። ስለሆነም ያገለገለው ሞዴል በገበያው ላይ በብዛት ይገኛል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ብቻ ብንወስድ ግን ለወላጅ አራት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ከ1990 እስከ 1993 ሞዴል ያሉት ናቸው። በእነዚህ ላይ ኤርባግ ያለው በሾፌሩ በኩል ብቻ ነው። የተሳፋሪው ወገን ስለሌለው ከኤርባግ የሚመጣው አደጋ የለም። ነገር ግን መኪናው ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠረ በመሆኑ ቀበቶውና የቀበቶው መቆለፊያ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ሁለተኛዎቹ ከ1994 እስከ 1997 ሞዴል ናቸው። በተሳፋሪው በኩልም ኤርባግ ተጨምሮባቸዋል፤ ማጥፊያ ግን የላቸውም። ለሕፃን ከሁሉም የከፉት እነዚህ ናቸው። በዋጋ ረከስ ብሎ የተገኘውን መኪና "ዕድል ቀናኝ" ብሎ የሚገዛ አባት ይህን ካላወቀ ልጁን በማይጠፋ ኤርባግ ፊት እንደሚያስቀምጥ ልብ ሊል ይገባል።

ሦስተኛዎቹ ከ1999 ሞዴል ጀምሮ እስከ 2005 የዘለቀው ሁለተኛው ትውልድ ነው። በእነዚህ ላይ የተሳፋሪው ኤርባግ በቁልፍ ይጠፋል። ለወላጅ ዋጋ ያላት ያቺ ትንሽ ቀዳዳ የምትገኘው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛዎቹ ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው። በአሜሪካ ከ2003 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ ሆኖ በ2006 የተጠናቀቀው ደንብ አምራቾች "የተሻሻለ" የሚባለውን ኤርባግ እንዲገጥሙ አስገድዷል። በብዙዎቹ መኪኖች ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ያለ የክብደት መለኪያ ሕፃን መሆኑን ሲለይ ኤርባጉን ራሱ ያጠፋል። ምልክቱም በክሩስኮቱ ላይ በሚበራ መብራት ይታወቃል። ይህ ቴክኖሎጂ መልካም ቢሆንም ጉድለት አያጣውም። የሕፃኑ ወንበር በቀበቶ በጣም ጠብቆ ሲታሰር ወደ ታች የሚጫነው ኃይል መለኪያውን ሊያሳስተው፣ መኪናውም ትልቅ ሰው የተቀመጠ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ ከታሰረና ሕፃኑ ከተቀመጠበት በኋላ "የተሳፋሪ ኤርባግ ጠፍቷል" የሚለው መብራት መብራቱን ሳያረጋግጡ መንቀሳቀስ አይገባም። መብራቱ ካልበራ ጉዞው ይቅር።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ይህን ችግር በመገንዘብ በ1995 የኋላ ወንበር በሌላቸው ወይም የኋላ ወንበራቸው በጣም ጠባብ በሆኑ መኪኖች ላይ አምራቾች የኤርባግ ማጥፊያ እንዲገጥሙ ፈቀደ። በ1997 መጨረሻ ባወጣው ደንብ ደግሞ ማጥፊያ የሌለው መኪና ባለቤት በቂ ምክንያት ካለው ፈቃድ ጠይቆ ማስገጠም እንዲችል አደረገ። ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች አንዱም መኪናው የኋላ ወንበር ስለሌለው ሕፃኑን በጋቢና ለማስቀመጥ መገደድ ነው። አሠራሩም ባለቤቱ ቅጹን ሞልቶ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ይዞም ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ሆኖም ሁሉም ጋራዥ ሥራውን አይቀበልም። ኋላ የሚመጣውን ተጠያቂነት ፈርተው እምቢ የሚሉ አሉ። ስለሆነም "ገዝቼ አስገጥማለሁ" የሚል ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚገጥምለትን ማግኘት ይጠበቅበታል።

ፊውዝ መንቀል ወይም ሽቦ መበጠስ መፍትሔ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ አከፋፋዮችና ጋራዦች ያለ ፈቃድ የደህንነት መሣሪያን ከአገልግሎት ውጪ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ከዚህም በላይ ፊውዙ የሾፌሩን ኤርባግ ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ የተነካካ መኪና ቆይቶ ሲሸጥ የሚቀጥለው ገዢ የማያውቀው ጉድ ይዞ ይሄዳል።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት የተደነገገው ለዚህ ጉዳይ በቀጥታ ይናገራል። ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሕፃናት ወንበር መጓዝ አለበት። ከሐምሌ 2019 ጀምሮም ሁለት ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም ወደ ፊት ዞሮ ለመቀመጥ የወንበሩ አምራች የወሰነው ዝቅተኛ ክብደት ላይ እስኪደርስ ፊቱ ወደ ኋላ እንደዞረ ይጓዛል። ወደ ኋላ የሚዞረው ወንበር የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ላይ ነው። መኪናው የኋላ ወንበር ከሌለው ብቻ በጋቢና ማስቀመጥ የሚፈቀደው የተሳፋሪ ኤርባግ ከሌለው ወይም ኤርባጉ ከጠፋ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ኤርባጉ ሳይጠፋ ወደ ኋላ የሚዞር ወንበር በጋቢና ማስቀመጥ ከ2006 ጀምሮ ክልክል ነው።

ወንበሩ እንዴት ይታሰራል?

ማጥፊያው ተገኘ እንበል። ሁለተኛው ፈተና የቦታ ጉዳይ ነው። የስፖርት መኪና ወንበር ሰውን በመታጠፊያ ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ ጎንና ጎኑ ከፍ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ የተሠራ ነው። ለሾፌር የሚመቸው ይህ ቅርጽ ለሕፃን ወንበር ጠንቅ ይሆናል። የሕፃኑ ወንበር መሠረት ሰፊ ከሆነ በሁለቱ ከፍታዎች ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የጋቢናው ርዝመት አጭር ከሆነ ደግሞ የወንበሩ ጀርባ ክሩስኮቱን ይገፋል፤ ወይም ሕፃኑ ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወድቆ አተነፋፈሱን ያውካል።

በመሆኑም ወንበሩ ከመገዛቱ በፊት በዚያው መኪና ላይ መሞከር አለበት። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሱቅ መፈለግ ይሻላል። ለጠባብ መኪና የሚመረጠው መሠረቱ ጠባብ፣ ርዝመቱ አጭር የሆነው፣ ከተቻለም ያለ መሠረቱ በቀበቶ ብቻ ሊታሰር የሚችለው ነው።

አስተሳሰሩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኤርባጉ ይጠፋል፤ መብራቱም ይረጋገጣል። የጋቢናው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳባል። የሕፃኑ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። በጎኑ ባለው ምልክት መሠረትም ጋደል ማለቱ ይስተካከላል፤ ለአራስ ብዙውን ጊዜ 45 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ የመኪናው ቀበቶ አምራቹ ባመለከተው መንገድ ያልፋል። ለአሜሪካ ገበያ ከ1996 ሞዴል ወዲህ በተሠሩ መኪኖች የተሳፋሪው ቀበቶ እንዲቆለፍ ሆኖ ነው የሚሠራው። በብዙዎቹ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ወጥቶ ሲመለስ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ መጥበቅ እንጂ መላላት አይችልም። በመጨረሻ አንድ ሰው ወንበሩን በእጁ እየተጫነ ሌላው ቀበቶውን ይስባል።

መፈተሻውም ቀላል ነው። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ወንበሩን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ሕፃኑን የሚያስረው ማንገቻም ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቦታ ይወጣል፤ የደረቱ ማያያዣ ከብብቱ ትይዩ ይሆናል፤ ማንገቻውን በጣት ቆንጥጦ ማጠፍ ከተቻለ ገና ላልቷል ማለት ነው። በብርድ ጊዜ ወፍራም ካፖርት ለብሶ መታሰር የለበትም፤ ካስፈለገ ብርድ ልብሱ ከማንገቻው በላይ ይደረባል።

ከ2002 መስከረም ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ መኪኖች፣ በአውሮፓም "ኢሶፊክስ" በሚል ስም በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ የሚገኙ የብረት መያዣዎች መታሰሪያውን አቅልለውታል። ይሁን እንጂ በባለ ሁለት ወንበር መኪኖች ላይ መኖራቸው አስቀድሞ የሚታሰብ ነገር አይደለም። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት፣ በወንበሩ ስንጥቅም እጅ አስገብቶ መፈተሽ ይገባል።

"ሁለት ሲደመር ሁለት" የሚባሉት

ከባለ ሁለት ወንበሩ በተጨማሪ ትንንሽ የኋላ ወንበር ያላቸው የስፖርት መኪኖች አሉ። ፖርሽ 911፣ እንዲሁም በ2012 ለገበያ የቀረቡት ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢ አር ዜድ ከእነዚህ ይመደባሉ። ሻጮች "የቤተሰብ ስፖርት መኪና" እያሉ የሚያሞካሹዋቸው እነዚህ ናቸው። የኋላ ወንበር መኖሩ ከኤርባግ ያርቃልና ጥቅሙ አያጠራጥርም። ነገር ግን ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር ከኋላ ሲገባ የጋቢናው ወንበር ወደ ፊት ይገፋና እናትየው ጉልበቷ ክሩስኮቱን ነክቶ ለመቀመጥ ትገደዳለች፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያስቀምጣትም። በሩ ሁለት ብቻ በመሆኑም ሕፃኑን ለማስገባትና ለማውጣት ጎንበስ ማለት የግድ ነው። በመሆኑም ገዢው ባዶውን መኪና አይቶ ብቻ ሳይሆን የሕፃን ወንበር አስገብቶ፣ ሁለቱም ትላልቅ ሰዎች ተቀምጠው ሊሞክሩት ይገባል።

ርካሽ የተገኘ ያገለገለ ወንበር

መኪናው ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም፤ ያገለገለ የሕፃን ወንበር ግን ታሪኩ ካልታወቀ አይገዛም። ፕላስቲኩ በፀሐይና በዕድሜ ይዳከማል። ለዚህም አምራቾች የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በወንበሩ ሥር ያትማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው። ከባድ ግጭት ያየ ወንበርም መልሶ አይሠራበትም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ግጭቱን ቀላል የሚለው አምስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ነው፤ መኪናው ራሱ ተነድቶ ከቦታው ከሄደ፣ ለሕፃኑ ወንበር ቅርብ የሆነው በር ካልተጎዳ፣ ከተሳፋሪዎች ማንም ካልቆሰለ፣ ኤርባግ ካልፈነዳ፣ በወንበሩም ላይ የሚታይ ጉዳት ከሌለ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወንበሩ ይጣላል።

የእኛስ ፒክ አፕ?

"ስፖርት መኪና በአዲስ አበባ የስንት ሰው ነው?" ተብሎ ሊታለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በ1995 የወጣው የአሜሪካ ደንብ የታሰበው ለስፖርት መኪና ብቻ ሳይሆን የኋላ ወንበር ለሌለው ፒክ አፕም ጭምር ነው። ሲንግል ጋቢና ፒክ አፕ ደግሞ በነጋዴውና በሥራ ተቋራጩ ደጃፍ ሁሉ የቆመ መኪና ነው። ጠዋት ሲሚንቶ ወይም እህል የጫነው መኪና ማታ እናትና ሕፃንን ከክሊኒክ ያመጣል። የተሳፋሪ ኤርባግ የተገጠመለት ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ በእርሱም ላይ ይሠራል። በተሳፋሪው በኩል በክሩስኮቱ ላይ "ኤስ አር ኤስ ኤርባግ" የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን፣ የቁልፍ ማጥፊያ ያለው መሆን አለመሆኑን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መኪኖች እንደመጡበት ገበያ ስለሚለያዩም ከአንድ አምራች የተገኙ ሁለት ፒክ አፖች አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። ደላላም ቢሆን ሊብሬውን ከማገላበጡ ጎን ለጎን ይህን ቢያይ ለደንበኛው የሚነግረው ነገር ያገኛል።

ሒሳቡ ሲዘጋ

ለባለ ሁለት ወንበር መኪና ባለቤት የቀረቡት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው መኪናው የቁልፍ ማጥፊያ ወይም የሚሠራ የክብደት መለኪያ ካለው በደንቡ መሠረት ወንበሩን ማሰር ነው። ይህም ቢሆን ከኋላ ወንበር ጋር እኩል የሚታይ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። ማጥፊያውም ትልቅ ሰው ሲቀመጥ ተመልሶ መከፈት አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ሕፃኑን አድኖ ሚስቱን ያለ ኤርባግ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ለሕፃኑ ሌላ ተራ መኪና መድቦ የስፖርቱን ለብቻ መንዳት ነው። ችግሩ የሚከብደው ሕፃኑ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚጓዝባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ገደማ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ባወጣው ምክር ደግሞ ልጁ የወንበሩ የክብደትና የቁመት ልክ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ኋላ እንደዞረ ቢቆይ ይመረጣል ብሏል። ሁለተኛ መኪና የማቆየት ወጪ ሲሰላ ይህን ጊዜ መሠረት ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው መሸጥ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ዋጋ አለው። ጣሪያው የሚከፈት መኪና በሰሜኑ ዓለም ክረምት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ፀደይ ሲገባ ይጨምራል። ልጁ በታኅሣሥ የሚወለድለት አባት እስከዚያው ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት ለመሸጥ ቢወጣ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" የሚለው ይደርስበታል። እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው፤ ለገበያም በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማጥፊያ የሌለው ኤርባግ ያለበት መኪና ይዞ "ለዛሬ ብቻ፣ ቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" ማለት ግን ከሦስቱ መንገዶች ውስጥ አይገባም። ኤርባጉ የሚነሣው መኪናው ሲጋጭ ነው፤ ጉዞው ቅርብ መሆኑን አያውቅም።